ቱሉ ዲምቱ ሆኜ በላይፍ ኮቺንግ መኖር እችላለሁ?

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው፦ «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ባንክ ውስጥ በሰው ኃይል ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። የሦስት ወር የላይፍ ኮቺንግ ሥልጠና (ሰው የራሱን ግብ አውጥቶ እስኪደርስበት በጥያቄ አብሮት የመሥራት ሙያ) ወስጄ ሰርተፍኬት አለኝ። ጓደኞቼንና ባልደረቦቼን በነጻ እረዳለሁ። ሁሉም ጎበዝ ነሽ ይሉኛል፣ የሚከፍል ግን የለም። ቦሌ አካባቢ ቢሮ ልከራይ? ስንት ላስከፍል? ሥራዬንስ ልልቀቅ?»

እህቴ፣ አጭሩ መልስ ይሄ ነው። መኖር ትችያለሽ። ቢሮ አትከራዪ። ሥራሽን አሁን አትልቀቂ። ዋጋሽን ደግሞ በሰዓት ሳይሆን በሦስት ወር ተምኚው። ረጅሙንም ልጻፍልሽ፤ ምክንያቱም ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው፣ የሚያገኘው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ «በራስሽ እመኚ፣ ቪዲዮ ልቀቂ» የሚል ነው። እሱ አንቺን የትም አያደርስሽም።

መጀመሪያ «የሚከፍል የለም» ያልሽውን እንየው። እኛ ጋ ምክር በገንዘብ አይሸጥም። የንስሐ አባት አሉ፣ ሼሁ አሉ፣ ፓስተሩ አሉ። ታላቅ ወንድም አለ፣ አክስት አለች። ቡና ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት በሙሉ አማካሪ ነው። ትዳር ሲናጋ ሽማግሌ ይገባል፣ ሐዘን ሲመጣ እድሩ ድንኳን ይተክላል። ይህን ሁሉ በነጻ የሚያገኝ ሰው «ሕይወትህን አስተካክልልሃለሁ» ብትዪው ለምን ይከፍልሻል? አይከፍልም፣ አለመክፈሉም ተገቢ ነው።

ስለዚህ ምክር መሸጥ ይቅርብሽ። ሰው የሚከፍለው ዘመድና ጎረቤት ሊሰጡት ለማይችሉት ነገር ነው። በተቆረጠ ቀንና ሰዓት አብሮት የሚቀመጥ፣ ወገን የማይዝ፣ የሰማውን ለሌላ የማያወራ፣ «ባለፈው አደርገዋለሁ ያልከውን አደረግክ ወይ?» ብሎ ሳያፍር የሚጠይቅ ሰው ከየት ያገኛል? አክስቱ ትወደዋለች፣ ታዝንለታለች፣ ግን እሷ ደስ የሚላትን እንዲያደርግ ነው የምትፈልገው። አንቺ ጋ የሚመጣው ራሱ የመረጠውን ነገር እስከ መጨረሻው ለማድረስ ነው። ገንዘቡ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ችግር «ላይፍ» የሚለው ነው። ሕይወት በጣም ሰፊ ነው። ሁሉንም ሰው በሁሉም ነገር እረዳለሁ የምትይ ከሆነ ማንም ራሱን አያይብሽም። አንቺ ደግሞ ከማንም የተሻለ የምታውቂው አንድ ነገር አለ። የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው፣ ጎበዝ ሠራተኛ አለቃ ሲሆን እንዴት እንደሚጨነቅ ያውቃል። ትናንት አብሮ ምሳ ሲበላ የነበረ ሰው ዛሬ ያንኑ ጓደኛውን መገሠጽ ሲያቅተው ስንት ጊዜ አይተሻል? ያንን ያዢ። አዲስ የተሾሙ ሱፐርቫይዘሮች፣ አዲስ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች፣ አዲስ የትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህራን። እነዚህ ሰዎች ያሉት ቦሌ ብቻ አይደለም። እንዲያውም ካንቺ ቤት ዙሪያ ነው የሞሉት። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቅርብሽ ነው፣ የአቃቂ ፋብሪካዎች አሉ፣ ወደ ዱከም ወረድ ካልሽ ሌላ የፋብሪካ ሰፈር አለ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እዚያው አጠገብሽ ነው፤ ተማሪዎቹ የሚከፍሉት ብዙ ገንዘብ ባይኖራቸውም፣ ተመርቀው ሁለት ሦስት ዓመት ሠርተው ቡድን መምራት ሲጀምሩ የአንቺ ሰዎች ይሆናሉ። ለሥራሽ ብለሽ ወደ መሀል ከተማ መግባት አለብኝ ብለሽ አታስቢ።

ሥራው ሲሠራ ምን እንደሚመስል አንዱን ልንገርሽ። አንዲት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሱፐርቫይዘር ናት፤ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። ስትመጣ ያለችኝ «ሕይወቴ ተመሰቃቅሏል» ነበር። ስናወራ ነገሩ ጠበበ። ከማሽን ላይ ተነሥታ የተሾመች ናት። አብረዋት ሲሰፉ የነበሩ ልጆች አሁን እሷ ሥር ናቸው። አንዷ ስታረፍድ መናገር ያቅታታል፣ የጎደለውን ሥራ ራሷ ማሽን ላይ ቁጭ ብላ ትሞላለች። ሌላው 11 ሰዓት ሲወጣ እሷ 2 ሰዓት ማታ ትወጣለች። ቤት ስትደርስ ልጇ ተኝቷል፣ ባሏ አኩርፏል። ሕይወቴ ያለችው ይሄንን ነው። እናም «በሦስት ወር ውስጥ፣ በሳምንት ቢያንስ አራት ቀን፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቪስ ውስጥ መቀመጥ» ብላ ግቧን ራሷ ጻፈች።

ሁለተኛው ሴሽን፣ ማለትም ሁለተኛው ቀጠሯችን፣ ላይ የሠራነው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ነገ ጠዋት ያረፈደችውን ልጅ የት ትጠሪያታለሽ? ከአፍሽ የሚወጣው የመጀመሪያው ነገር ምንድን ነው?» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «እባክሽ የኔ ቆንጆ…» ብላ ጀመረች። «እሱን ስትሰማ ልጅቷ ምን ታደርጋለች?» «ትስቃለች። ነገም ታረፍዳለች።» ደግማ ሞከረች፣ አሁንም ደግማ። በመጨረሻ «2 ሰዓት ላይ ማሽንሽ ላይ እፈልግሻለሁ፣ የሚያግድሽ ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ» የሚለው ወጣ። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አለችው። በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ስትጠይቃት ልጅቷ የምታረፍደው ሰፈሯ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣና ጀሪካን ሳትሞላ መውጣት ስለማትችል ሆኖ ተገኘ። ውሃ የሚመጣባቸው ሁለት ቀናት ላይ ከሌላ ሠራተኛ ጋር ሰዓት አቀያየሯት። አለቀ።

ልብ በይ፣ እኔ የሰጠኋት ምክር የለም። ጠየቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ አለማመድኩ፣ በሳምንቱ ተመልሼ ጠየቅኩ። ሥልጠናሽ ላይ ግሮው ብለው ያስተማሩሽ፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ እንግሊዝ አገር በእነ ጆን ዊትሞር የተስፋፋው አካሄድ፣ ግብ፣ አሁን ያለው ሁኔታ፣ አማራጭ፣ ውሳኔ የሚለው ማለቴ ነው፣ መሬት ላይ ሲወርድ ይህን ይመስላል። ለጓደኞችሽ በነጻ የምትሰጪው ይህንን ነው ወይስ ምክር? እውነቱን ለራስሽ መልሺ። «ጎበዝ ነሽ» የሚሉሽ ጥሩ ስለምታጽናኚ ከሆነ፣ ያ ሌላ ጸጋ ነው፣ ገና ይህ ሥራ አልሆነም።

ወደ ዋጋ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ስለሆነ።

አብዛኛው ጀማሪ በሴሽን ነው የሚያስከፍለው። ቁጥሩን ለማሳያ ብቻ ውሰጂው፤ አንዱን ሴሽን 500 ብር አልሽ እንበል። በወር 24,000 ብር ለማግኘት 48 ሴሽን ያስፈልግሻል። በሳምንት 12 ማለት ነው። አንድ ሴሽን ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ አይደለም። ዝግጅቱ፣ ማስታወሻው፣ በመሀል የሚመጣው መልእክት ሲደመር ሁለት ሰዓት ይበላል። 24 ሰዓት በሳምንት፣ ከባንክ ሥራ በኋላ! በዚያ ላይ በሴሽን የሚከፍል ሰው አንዴ መጥቶ ቀለል ሲለው ይቀራል። ለውጡ ሳይመጣ ይሄዳል፣ ለሌላም አይናገርልሽም።

አሁን ደግሞ በጥቅል አስቢው። የሦስት ወር ፕሮግራም ነው፣ ስምንት ሴሽን አለው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ በየሳምንቱ፣ የቀሩት አራቱ በየሁለት ሳምንቱ። መጨረሻው የታወቀ ነው፣ ግቡ በወረቀት ተጽፏል። ለዚህ 12,000 ብር ብታስከፍዪና ስድስት ሰው ብትይዢ በሦስት ወር 72,000 ብር ነው፣ በወር ያው 24,000። ሴሽኑ ግን በአጠቃላይ 48 ነው፣ በሳምንት አራት። ስምንት ሰዓት ገደማ። ይህን ማታና ቅዳሜ መሥራት ይቻላል። ደንበኛውም ስምንቱን ጨርሶ ስለሚሄድ ለውጡን ያየዋል፣ ይናገርልሻል።

«12,000 ማን ይከፍለኛል?» ትዪኝ ይሆናል። ያቺ ሱፐርቫይዘር ከኪሷ አትከፍልም፣ ደመወዟ አይችለውም። የከፈለው ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው አዲስ አለቃ ሲያጣ ወይም እሷ ሥር ያሉት ልጆች ሲለቁ ስንት እንደሚከስር አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ፤ የመልቀቂያ ደብዳቤ ስትቀበዪ ነው የኖርሽው። ስለዚህ የፋብሪካውን የሰው ኃይል ኃላፊ በራሱ ቋንቋ ማናገር ትችያለሽ፤ ከቲክቶክ የመጣ አነቃቂ ተናጋሪ ይህን አይችልም። የሚሄድበትም ጊዜ አለው። የብዙ ድርጅቶች የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የሥልጠና ዕቅድ የሚጻፈው ከዚያ በፊት ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ በር አንኳኪ። መስከረም ላይ ብትሄጂ በጀቱ ተዘግቷል ይሉሻል።

ድርጅት ሲከፍል አንድ ነገር ከመጀመሪያው ቁርጡን ንገሪ። ሠራተኛዋ መገኘት አለመገኘቷን ለድርጅቱ ትናገሪያለሽ፣ ግቧንም በሦስታችሁ፣ በአንቺ፣ በእሷና በድርጅቱ፣ ስምምነት ትጽፊያለሽ፤ ሴሽን ውስጥ የተባለው ግን ከዚያ ክፍል አይወጣም። ይህ በውሉ ላይ ይጻፍ። ኃላፊው በኋላ ሻይ ጋብዞሽ «እንዴት ናት ልጅቷ፣ ልትለቅ ታስባለች እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ውሉን አስታውሺው። አንዴ ከነገርሽ በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ማንም አፉን አይከፍትልሽም።

ከኪሳቸው የሚከፍሉት ሌሎች ናቸው። ሱቅ ከፍተው ሠራተኛ መያዝ ያቃታቸው ነጋዴዎች፣ የግል ትምህርት ቤት ባለቤቶች፣ የግንባታ ሥራ ላይ ያሉ ወጣት መሐንዲሶች። ለእነሱ ግማሹን ቅድሚያ፣ የቀረውን በሁለት ጊዜ ተቀበዪ። 6,000፣ ከዚያ 3,000፣ ከዚያ 3,000። ቀኑን ደመወዝ ከገባ በኋላ አድርጊው። በቴሌብር ወይም በባንክ ይላክልሽ፣ በእጅ አትቀበዪ፣ ሒሳብሽ ይጠፋብሻል። ቅድሚያውን ሳይከፍል የሚጀምር ሰው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይቀራል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ሰውዬው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ያልከፈለበትን ነገር ማስቀደም ለማንም ከባድ ነው።

አሁን ይሉኝታው። ጥያቄሽን ሳነበው ዋናው ችግርሽ እሱ መሰለኝ። የምታውቂው ሰው ፊት ዋጋ መጥራት ያሳፍራል። ስለዚህ ትዞሪያለሽ፣ «ያው እንግዲህ እንደ አቅሚቲ…» ትያለሽ፣ ሰውዬውም «ችግር የለም፣ እንነጋገራለን» ብሎ ይሄዳል፣ በዚያው ይቀራል። እንዲህ በዪ፦ «ፕሮግራሙ ሦስት ወር ነው፣ ስምንት ጊዜ እንገናኛለን፣ ዋጋው 12,000 ብር ነው፣ ግማሹ ሲጀመር ይከፈላል።» ከዚያ ዝም በዪ። ዋጋውን ከጠራሽ በኋላ የምትጨምሪው ቃል ሁሉ ዋጋውን ይቀንሰዋል። «ውድ ነው» ካለሽ «ገባኝ፣ አሁን ካልተመቸ ሌላ ጊዜ እንነጋገር» በዪና በሰላም ተለያዩ። ቅናሽ አትጀምሪ፤ ሰፈሩ ትንሽ ነው፣ ለአንዱ የቀነስሽው በሳምንቱ ሁሉም ጆሮ ይደርሳል።

ዘመድን፣ የእድር አባልን፣ የቅርብ ጓደኛን ጨርሶ ደንበኛ አታድርጊ። በነጻም በክፍያም። ነገ ሰርግ ላይ ትገናኛላችሁ፣ ሚስጥሩን የነገረሽ ሰው ዓይንሽን ይሸሻል። እነሱን እንደ ሰው እርጂያቸው፣ ቡና ጠጥታችሁ፣ ያለ ፕሮግራም። የራስሽን ባንክ ሠራተኞችም እዚያ እስከምትሠሪ ድረስ አትንኪ፤ የሰው ኃይል ክፍል ሆነሽ የባልደረባሽን ሚስጥር በክፍያ መስማት ጥቅም ያጋጫል፣ ሥራሽንም ሊያሳጣሽ ይችላል።

ስለ ቢሮው። የቦሌን ኪራይ ታውቂዋለሽ፤ ገና ስድስት ደንበኛ ሳይኖርሽ በወሩ መጨረሻ አከራዩን እያሰብሽ የምታስገቢውን ሰው አትመርጪም፣ የመጣውን ሁሉ ትቀበያለሽ። ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ ደርሶ መመለሱ ደግሞ ታክሲ ሰልፉን ጨምሮ የሁለት ሴሽን ጊዜ ይወስድብሻል። በሌላ በኩል ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ አትሥሪ። ግድግዳው ድምፅ ያሳልፋል፣ ደረጃው ላይ የሚገናኘው ጎረቤት «እሱ ሰውዬ ምን ሊያደርግ መጣ?» ይላል። እኔ የማየው መፍትሔ ይህ ነው፦ አንድ የግል ትምህርት ቤት አናግሪ፣ ከ10 ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ባዶ ክፍል አለው። በኪራይ ፋንታ ለመምህራኑ በዓመት ሁለት ጊዜ ሥልጠና ስጪ። ፋብሪካዎቹ ጋ ደግሞ ስብሰባ ክፍላቸው ውስጥ ሥሪ።

የቀረው በስልክ ነው። ቪዲዮ አትውደጂ፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሰዉ ልቡን ሊከፍት ሲል «ሃሎ ሃሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» ትያለሽ። ተራ የድምፅ ጥሪ ይሻላል። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ሁሉንም ወደ ስልክ አዙሪው። ውጭ አገር ያሉ ወገኖችም በዚህ መንገድ ይመጣሉ፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ አንቺ ቤትሽ ስትቀመጪ ዋሽንግተን ገና ከሰዓት መጀመሪያ ነው። ግን በእነሱ አትጀምሪ፣ የሚያምኑሽ እዚህ የሠራሽው ስም ሲኖርሽ ነው።

ደንበኛ ከየት ይመጣል? ከተከታይ ብዛት አይመጣም። ብዙ ሺህ ተከታይ ኖሯቸው አንድ የሚከፍል ሰው የሌላቸው አውቃለሁ። ቴሌግራም ቻናል ይኑርሽ፣ በሳምንት አንድ ጽሑፍ፣ ስለ አዲስ አለቆች ብቻ። ዋናው ግን ስም ዝርዝር ነው። በሥራሽ ያወቅሻቸውን፣ አሁን ሌላ ድርጅት ውስጥ ኃላፊ የሆኑትን ሰዎች ጻፊ። አንድ በአንድ ደውዪ። «ደንበኛ ሁኚልኝ» አትበዪ፤ «አዲስ የተሾሙ ሰዎች ላይ እየሠራሁ ነው፣ እናንተ ጋ በዚህ የሚቸገር ሰው አለ ወይ?» በዪ። የጨረሰን ደንበኛ ደግሞ በመጨረሻው ሴሽን ላይ «ይህን የሚፈልግ ማን ታውቃለህ?» ብለሽ ጠይቂ። ታሪኩን ግን ያለ ፈቃዱ የትም አትጻፊ፣ ስሙን ደብቀሽም ቢሆን። በእኛ ሰፈር «ሁለት ልጅ ያላት የፋብሪካ ሱፐርቫይዘር» ስትዪ ማን እንደሆነች የሚያውቅ አይጠፋም።

ሰርተፍኬቱን በተመለከተ ሌላ ሥልጠና ለመግዛት አትቸኩዪ። ይህ ሙያ እንደ ሕክምና የግድ የሙያ ፈቃድ የሚጠይቅ አይደለም። በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው ኢንተርናሽናል ኮቺንግ ፌዴሬሽን በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ምስክር ወረቀቱ ቢያንስ 60 ሰዓት ሥልጠናና 100 ሰዓት የኮቺንግ ልምድ ይጠይቃል። ከመቶው 75ቱ የተከፈለባቸው መሆን አለባቸው። አየሽ፣ እነሱም በነጻ የተሠራውን እንደ ሙሉ ልምድ አይቆጥሩትም። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ይህን ይጠይቁሻል። የአቃቂ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ግን «ከማን ጋር ሠርተሻል?» ነው የሚልሽ።

አንድ ነገር ግን ከትርፍም ከስምም በላይ ነው። እንቅልፍ ለሳምንታት ያጣ፣ መብላት ያቆመ፣ መኖር አልፈልግም ያለ፣ ድምፅ የሚሰማ፣ መጠጥ ወይም ጫት ያሸነፈው፣ ቤት ውስጥ የምትደበደብ ሰው የአንቺ ደንበኛ አይደለም። በግልጽ ንገሪው፣ ገንዘቡን መልሺለት፣ ወደ ሐኪም ላኪው፤ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ ሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ቤተሰቡ ጸበል እንወስደዋለን ካለ አትከራከሪ፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ብቻ ለምኚ። መኖር አልፈልግም ያለን ሰው ደግሞ ብቻውን አትልቀቂ፤ የሚያምነውን ሰው ጠርተሽ አብረሽ አድርሺው። ይህን ከመጀመሪያው ደንበኛ በፊት በወረቀት ጽፈሽ አስቀምጪ፣ ማንን እንደምትጠሪ ጭምር።

ወረቀቱ። ድርጅት ያለ ደረሰኝ አይከፍልም፣ ስለዚህ ቲንና ንግድ ፈቃድ ያስፈልግሻል። አንቺ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነሽ፣ ወረዳሽ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ በማማከር ነው ወይስ በሥልጠና ዘርፍ የሚያወጡልሽ ብለሽ ጠይቂ፣ ለየትኛው የብቃት ማረጋገጫ እንደሚፈልጉም ጭምር። ማዶ ኮዬ ፈጬ የሚኖር ሰው ጉዳዩ ከሸገር ከተማ ጋር ነው፣ እንዳይመላለስ። ድርጅቶች ሲከፍሉ ቅድመ ግብር ቀንሰው ነው፣ የቀነሱበትን ደረሰኝ ሰብስቢ፣ ግብር ስትከፍዪ ይታሰብልሻል። ፈቃዱ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ይታደሳል፤ ካሳለፍሽ ቅጣት አለው። ስለ ግብር ደረጃሽ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ከፍለሽ አናግሪ፣ ሕጉ በቅርብ ዓመታት ተሻሽሏል።

ሥራ መልቀቁስ? ሁለት ዙር ጠብቂ። ሁለት ዙር ማለት ስድስት ወር፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ አምስት የከፈለ ሰው። በሁለቱም ዙር ከወጪና ከግብር በኋላ የተረፈሽ የደመወዝሽን ሁለት ሦስተኛ ከሞላ፣ የአራት ወር የቤት ወጪም ባንክ ውስጥ ካለሽ ልቀቂ። ከመስከረም እስከ ጥቅምት መጀመሪያ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ በፋሲካ ሰሞን ደግሞ የበዓሉ ወጪ የሰዉን ኪስ ስለሚያራቁት ሒሳብሽን በጥሩ ወር ብቻ አትሥሪ። ባልሽ ወይም ቤተሰብሽ ቁጥሩን አብረው ይዩት። አንደኛው ዙር ላይ ሦስት ሰው ብቻ ካገኘሽም ችግር የለውም፣ ደመወዝሽ እየገባ ነው፤ ሦስቱን በደንብ ጨርሺያቸው፣ ግባቸው ላይ የደረሱትንና ያልደረሱትን ለይተሽ ጻፊ፣ ለሁለተኛው ዙር ስትደውዪ የምትናገሪው እሱን ነው።

የስም ዝርዝሩንና የውሉን ረቂቅ ስትጨርሺ ውሉን ላኪልኝ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ግቡ፣ ስምንቱ ቀናት፣ ክፍያው፣ ሚስጥር የሚጠበቅበት አንቀጽ፣ ሲቀር ምን እንደሚሆን። አይቼ እመልስልሻለሁ።